ሳርቬፓሊ ራዳክሪሽናን፦ ስለ ሂንዱው ፈላስፋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ህንድ ፍልስፍና ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ስም አይቀርም። ከስሙ ጋር ጥያቄዎች ይመጣሉ። አንዳንዱ በአንድ መስመር ይመለሳል። አንዳንዱ ደግሞ ለእኔም ቶሎ አልዋጥ ያለኝ ነው። እስኪ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልመልሳቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ማን ናቸው?

የህንድ ፈላስፋ፣ መምህር፣ የኋላ ኋላም የአገር ፕሬዚዳንት ናቸው። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1888 በደቡብ ህንድ ቲሩታኒ በምትባል የቤተ መቅደስ ከተማ ተወለዱ። ቤተሰቡ ቴሉጉ ተናጋሪ ብራህሚን ነው። ከካህናት ወገን መሆን ግን ሀብታም መሆን አይደለም። አባታቸው በአንድ የአካባቢው ባላባት ዘንድ አነስተኛ የግብር ሠራተኛ ነበሩ። ልጁም የተማረው በነፃ የትምህርት ዕድል ነው።

በማይሶር፣ በካልካታና በኦክስፎርድ አስተማሩ። ሞስኮ ላይ አምባሳደር ሆኑ። ከ1952 ጀምሮ አሥር ዓመት ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ከ1962 እስከ 1967 ደግሞ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ኤፕሪል 17 ቀን 1975 ማድራስ ውስጥ አረፉ።

ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በፕሬዚዳንትነታቸው ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ታሪክ ነው። ሃይማኖቱ ሲነቀፍ እየሰማ ያደገ ተማሪ፣ መልሱን በቁጣ ሳይሆን በንባብ ለመስጠት ሲነሳ።

ስማቸው እንዴት ነው የሚጠራው?

ራዳክሪሽናን ይበሏቸው። ሳርቬፓሊ የቤተሰቡ ጥንታዊ መንደር ስም ነው። በአገራቸው ልማድ የቤተሰብ ስም ከፊት ይገባል። ስለዚህ «አቶ ሳርቬፓሊ» ማለት አንድን የቡልጋ ሰው «አቶ ቡልጋ» ብሎ እንደመጥራት ነው።

ፍልስፍናን ለምን መረጡ?

አልመረጡም። ማድራስ ክርስቲያን ኮሌጅ ሲገቡ መጽሐፍ መግዣ ገንዘብ አልነበራቸውም። ከዚያው ኮሌጅ የተመረቀ አንድ ዘመዳቸው የፍልስፍና መጻሕፍቱን ሰጣቸው። በቃ፣ መጽሐፉ ያለበትን ትምህርት ተማሩ። ዘመድየው የፊዚክስ ተመራቂ ቢሆን ኖሮ ይሄን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩ ሰው እንዴት የሂንዱ ፍልስፍና ጠበቃ ሆኑ?

የታሪኩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ የተማሩት በክርስቲያን ሚሲዮኖች ትምህርት ቤቶች ነው። መጀመሪያ ቲሩፓቲ በሉተራኖች፣ ቀጥሎ ቬሎር፣ በመጨረሻ ማድራስ። ሚሲዮኖቹ ጥሩ አስተማሪዎች ነበሩ። የአዲስ ኪዳንን ትምህርትም የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍንም አጥግበው ሰጧቸው። አብሮ የሚመጣ ነገር ግን ነበር። የሂንዱ እምነት የተምታታ ነው፣ አእምሮን አያረካም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሥነ ምግባር መሠረት የለውም የሚል ትችት።

የመጨረሻዋ ነጥብ ወደ ውስጥ ገባች። ክርክሩ እንዲህ ይሄዳል፦ ቬዳንታ የሚባለው የሂንዱ ፍልስፍና ዓለም ማያ ነው፣ ከንቱ ምትሃት ነው ይላል። ዓለም ምትሃት ከሆነ የተራበውም ምትሃት ነው። ታዲያ ለምን እናበላዋለን? ለምንስ ደግ መሆን ያስፈልጋል?

ራዳክሪሽናን በኋላ ስለ ራሳቸው ሲጽፉ አልደበቁም። ስዋሚ ቪቬካናንዳ በተባለው የሂንዱ መነኩሴ ንግግሮች የተቀሰቀሰ የሂንዱነት ኩራት ነበራቸው። ያ ኩራት በሚሲዮኖቹ ክፍል ውስጥ ክፉኛ ቆሰለ። ያን ጊዜ ከሃይማኖታቸው ውስጥ ሕይወት ያለውን ከሞተው ለይተው ለማወቅ ቆርጠው ተነሱ።

ሃያ ዓመት ሲሆናቸው የማስተርስ ጽሑፋቸው ታተመ። ርዕሱ የቬዳንታ ሥነ ምግባር ነው፤ ማለትም ለዚያ ትችት ቀጥተኛ መልስ። አስቸጋሪው ነገር ጽሑፉን የሚያነቡት ሰው ነበሩ። አልፍሬድ ሆግ የተባሉ የስኮትላንድ ሚሲዮናዊና የፍልስፍና መምህር ናቸው። ተማሪው መምህሬን አስቀይማለሁ ብሎ ፈርቶ ነበር። ሆግ አንብበው አመሰገኑት። የተወሳሰበ ክርክር በቀላሉ መያዝ ይችላል ብለው መሰከሩለት።

በሃይማኖቶች መካከል የሚደረግ ውይይት የሚባለው ነገር ለእኔ እዚህ ጋ አንድ ጊዜ በትክክል ተካሂዷል። ስብሰባ የለም፣ ንግግር የለም፣ ፎቶ የለም። አንዱ የቆሰለበትን ነገር በጨዋ ቋንቋ ጻፈ። ሌላው የተሞገተው የራሱ ወገን ሆኖ ሳለ ደህና ማርክ ሰጠ።

አድቫይታ ቬዳንታ ምንድን ነው? በቀላሉ ሊያስረዱኝ ይችላሉ?

ልሞክር። ቬዳንታ ማለት የቬዳዎች፣ የሂንዱ ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ መጨረሻ ማለት ነው። ከቬዳዎች ጫፍ ላይ ያሉት ኡፓኒሻድ የሚባሉት ጽሑፎችና በእነሱ ላይ የተሠራው ፍልስፍና ነው። አድቫይታ ደግሞ «ሁለት ያልሆነ» ማለት ነው። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የኖረው ሻንካራ የዚህ መንገድ ትልቁ ሊቅ ነው።

ከትርጉም ይልቅ ግን አንድ ታሪክ ልንገርዎት። ቻንዶግያ ከሚባለው ኡፓኒሻድ ነው። ሽቬታኬቱ የተባለ ልጅ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ወደ ትምህርት ተልኮ በሃያ አራት ዓመቱ ይመለሳል። ቬዳውን ሁሉ ዘልቋል፣ አፍንጫው ተነፍቷል። አባቱ ይሄን አየ። «ይህን ጨው ውሃ ውስጥ ጨምረህ እደር፣ ጠዋት ና» አለው። ልጁ እንደታዘዘው አደረገ። ጠዋት አባት «በል ትናንት የጨመርከውን ጨው አምጣልኝ» አለ። ልጁ እጁን ሰደደ፣ ፈለገ፣ አጣ። ሟሙቷል። «ከላይ ቅመስ፣ እንዴት ነው?» «ጨው ነው።» «ከመሃል ቅመስ።» «ጨው።» «ከታች።» «ጨው።»

አባትየው የነገረው ይህን ነው፦ አታየውም፣ ግን በሁሉም ቦታ አለ። የሁሉም ነገር እውነተኛ ማንነት ያ ነው። ከዚያም በሳንስክሪት ሦስት ቃል ብቻ የሆነችውን ዓረፍተ ነገር ጨመረ። «ያ አንተ ነህ።»

አድቫይታ ይችን ዓረፍተ ነገር ጥርሷን ነክሳ ይዛለች። ከሁሉም በስተጀርባ ያለው ብራህማን ይባላል። የሰው ውስጠኛ ማንነት አትማን ይባላል። ሁለቱ አንድ ናቸው ትላለች። አይመሳሰሉም፣ አይቀራረቡም፣ አንድ ናቸው። ሁለት የሚመስሉን ባለማወቃችን ነው። ለዚህ የሻንካራ ተማሪዎች የሚወዱት ምሳሌ የገመዱና የእባቡ ነው። ጨለማ ውስጥ ገመድ አይተው እባብ መስሎዎት ይደነግጣሉ። መብራት ሲመጣ እባቡ አልሸሸም፣ አልሞተምም። መጀመሪያውንም አልነበረም።

ብራህማንና ብራህሚን አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ የድምፅ ቅርበቱ ያምታታል። ብራህማን የመጨረሻው እውነታ ነው። ብራህሚን የካህናቱ ወገን ነው። ብራህማ የሚባል ፈጣሪ አምላክም አለ፣ እሱ ሦስተኛ ነው።

ታዲያ ራዳክሪሽናን በዚህ ላይ ምን ጨመሩ?

ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛው ማያን የተረጎሙበት መንገድ ነው። ማያ ማለት ዓለም የለም ማለት አይደለም አሉ። ዓለም አለ፤ ነገር ግን በራሱ የቆመ አይደለም፣ ሕልውናውን ከሌላ የተቀበለ ነው። እንዲህ ሲሆን የተራበው ሰው እውነተኛ ነው፤ እሱን ማብላትም እውነተኛ ሥራ ነው። የሚሲዮኖቹ ትችት መሬቱን አጣ። ሻንካራ ራሱ በዚህ ይስማማ ነበር ወይ የሚለው ግን ሊቃውንትን እስከዛሬ ያከራክራል።

ሁለተኛው ሃይማኖትን ከትምህርት ይልቅ በተሞክሮ ላይ ማቆማቸው ነው። ለእሳቸው የእምነት ሥር ዶግማ አይደለም። ሰው በመላ ማንነቱ የሚደርስበት ቀጥተኛ እውቀት ነው። ይህን ውስጣዊ ማስተዋል ይሉታል። ዶግማው፣ ሥርዓቱ፣ ጸሎቱ ከዚያ በኋላ ሰው በየቋንቋውና በየአገሩ ያገኘውን ለመናገር የሚሞክርበት ነው። ይህ ሐሳብ በ1932 በታተመው «አን አይዲያሊስት ቪው ኦፍ ላይፍ» በሚለው መጽሐፋቸው ውስጥ በደንብ ተብራርቷል።

ይህን ሁሉ ሲሉ ታዲያ የአገራቸውን የሊቃውንት ወግ አልጣሉም። በህንድ አንድ የቬዳንታ ሊቅ ሊቅ ለመባል ሦስት መጻሕፍትን መተርጎም አለበት። ኡፓኒሻዶችን፣ ባጋቫድ ጊታንና ብራህማ ሱትራን። የእኛ አንድምታ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ሊቁ አዲስ ነገር የሚናገረው አሮጌውን ጽሑፍ እያፍታታ ነው። ራዳክሪሽናን ሦስቱንም በእንግሊዝኛ ተርጉመው አብራሩ። ጊታ በ1948፣ ኡፓኒሻዶች በ1953፣ ብራህማ ሱትራ በ1960 ወጡ። ሦስተኛው ሲወጣ የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበሩ። ጠዋት ፓርላማ፣ ማታ ሱትራ።

«ሃይማኖቶች ሁሉ አንድ ናቸው» ብለዋል?

እንዲህ በጭፍኑ አላሉም። ያሉት፣ የሃይማኖቶች ልብ ውስጥ ያለው ተሞክሮ አንድ ነው፤ ስሙና ልብሱ ይለያያል። ማንም ሌላውን ማጥፋት የለበትም። ሂንዱ የሌላውን አምላክ ስም አያፈርስም፣ የራሱን ግንዛቤ ግን ያሳድጋል።

እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ችግሩ ቀጥሎ ይመጣል። በ1927 በታተመው «ዘ ሂንዱ ቪው ኦፍ ላይፍ» በሚለው ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ የአምላኪዎችን ደረጃ ይዘረዝራሉ። ከላይ ፍጹሙን፣ ስምና መልክ የሌለውን የሚያመልኩ። ሁለተኛ አካል ያለውን አምላክ የሚያመልኩ። ሦስተኛ እንደ ራማ፣ ክሪሽናና ቡድሃ ያሉ ሥጋ የለበሱ መገለጫዎችን የሚያመልኩ። ቀጥሎ ቅድመ አያቶችንና ጥበበኞችን፣ ከሁሉም ታች ደግሞ ጥቃቅን መናፍስትን የሚያመልኩ።

አዩት? መሰላል ነው። ከላይኛው እርከን ላይ ማን ተቀምጧል? አድቫይታ።

እስኪ ቡና ላይ የተቀመጠች ጎረቤትዎ «እምነትሽ በጣም ጥሩ ነው፣ እኔ ምንም ችግር የለብኝም፣ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነሽ» ብትልዎት ምን ይሰማዎታል? ስድብ አይደለም። ጨዋነት አለው። ቡናው ግን ትንሽ ይመርራል።

ለእሳቸው ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር ልጨምር። መሰላሉን የፈጠሩት እሳቸው አይደሉም። ሚሲዮናዊው ጆን ፋርኩሃር በ1913 አንድ መጽሐፍ አውጥቶ ነበር። ሐሳቡ፣ በሂንዱ እምነት ውስጥ ያለው መልካም ነገር ሁሉ በክርስቶስ ይፈጸማል፣ ዘውዱ እሱ ነው የሚል ነው። ይህም በወቅቱ ለዘብ ያለ፣ ወዳጃዊ አቋም ነበር! እናም የማድራሱ ተማሪ ያደገው ሌሎች በሠሩት መሰላል ታችኛው እርከን ላይ ሆኖ ነው። ሲያድግ መሰላሉን ያዘና ገለበጠው። መገልበጡ ለተዋረደ ሕዝብ ትልቅ ነገር ነበር፤ ይገባኛል። እኔ የምመኘው ግን መሰላሉን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቢተወው ነበር።

ኦክስፎርድ ውስጥ ምን ሠሩ?

በ1926 ማንቸስተር ኮሌጅ ኦክስፎርድ ተጋብዘው ተከታታይ ንግግር አደረጉ። ከላይ ያልኩት የ1927 መጽሐፍ ከዚያ የተገኘ ነው። በ1936 ደግሞ የስፖልዲንግ የምሥራቅ ሃይማኖቶችና ሥነ ምግባር ፕሮፌሰር ሆኑ። ወንበሩ አዲስ ነበር፣ የመጀመሪያው ባለቤት እሳቸው ናቸው። ገንዘቡን የሰጡት ስፖልዲንግ የምሥራቁና የምዕራቡ ሃይማኖቶች እንዲግባቡ የሚመኙ ሰው ነበሩ። ህንድ ገና በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችበት ጊዜ አንድ ህንዳዊ ለእንግሊዝ ተማሪዎች ስለ መንፈሳዊ ነገር ማስተማሩ ራሱ ዜና ነበር።

በዚሁ ወንበር ላይ እያሉ በ1939 «ኢስተርን ሪሊጅንስ ኤንድ ዌስተርን ቶት» የተባለውን ሥራ አወጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ሳላነሳው የማላልፈው ነው። በ1952 ወንበሩን የወረሰው ሮበርት ዜህነር ነው። በጦርነቱ ዘመን ቴህራን ውስጥ ለእንግሊዝ የስለላ ሥራ የሠራ፣ በኋላ ካቶሊክ የሆነ ሰው። በቀጣዩ ዓመት የመክፈቻ ንግግሩን ሲያደርግ፣ የሃይማኖቶች ፕሮፌሰር ሥራው ሃይማኖቶችን ማስታረቅ አይደለም አለ። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፣ በቅንነት ይነገር እንጂ በስምምነት ስም አይሸፈን ባይ ነው። ወንበሩ ከተቋቋመበት ዓላማ ጋር ፊት ለፊት ተጋጨ። እኔ የዜህነርን ቁጣ አልወደውም። ነጥቡን ግን መጣል አልቻልኩም።

ከክርስቲያኖች ጋር የነበራቸው ግንኙነት በኋላ እንዴት ሆነ?

በቁስል ተጀመረ፣ በመከባበር ቀጠለ። የክርስቶስን ሕይወት ያከብሩ ነበር። እሱ ብቻ ነው መንገዱ የሚለውን ትምህርት አልተቀበሉም።

ፕሬዚዳንት በነበሩበት በዲሴምበር 1964 የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛ ወደ ቦምቤይ መጡ። እዚያም ለሌሎች እምነት ተወካዮች ሲናገሩ ከኡፓኒሻድ አንድ ጸሎት ጠቀሱ። ከሐሰት ወደ እውነት፣ ከጨለማ ወደ ብርሃን፣ ከሞት ወደ ዘላለም ሕይወት ምራኝ የሚለውን። ከሃምሳ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በማድራስ የክርስቲያን ኮሌጅ ውስጥ ያው መጽሐፍ የተቀመጠበትን ቦታ ያስቡ። በቀጣዩ ዓመት የቫቲካን ጉባኤ ስለ ክርስቲያን ያልሆኑ ሃይማኖቶች ባወጣው መግለጫ የሂንዱ እምነት በስም ተጠቅሷል። ይህ ሁሉ የራዳክሪሽናን ሥራ ነው አልልም፣ ብዙ ሰው ደክሞበታል።

ህንዶች ራሳቸው ሁሉም ይስማሙባቸዋል?

ኧረ በፍጹም። ከሁሉ የከበደው ትችት ከአምቤድካር የመጣ ነው። ቢ አር አምቤድካር የማይነኩ ከሚባሉት ወገን ተወልዶ፣ በኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲና በለንደን ተምሮ፣ በኋላ የህንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ የመራ ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራዳክሪሽናን ካስት፣ ማለትም ሰውን በትውልዱ በደረጃ የሚከፍለው ሥርዓት፣ በመጀመሪያው ሐሳቡ የሥራ ክፍፍልና ልዩ ልዩ ሕዝቦችን ያለ እልቂት አብሮ የማኖሪያ ዘዴ ነበር ብለው ጽፈዋል። በኋላ የመጣውን ግፍ አልደገፉም፣ አወገዙት እንጂ። የሂንዱ ሥልጣኔ ሺህ ዓመታትን ተሻግሮ መኖሩንም እንደ ጥንካሬ ምስክር አቅርበዋል።

አምቤድካር በ1936 ባሳተመው «አኒሂሌሽን ኦፍ ካስት» ይችን ነጥብ ያዛትና አልለቀቃትም። መኖር ብቻውን ምን ያረጋግጣል? አለ። ጥያቄው አንድ ሕዝብ ኖረ ወይስ ሞተ አይደለም፣ በምን ዓይነት ደረጃ ኖረ ነው። የመኖር ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ሁሉም ክብር ያለው አይደለም።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ የራዳክሪሽናንን የካስት ምዕራፍ እንደ ድሮው ማንበብ አልሆነልኝም። ከላይ ሆኖ «መሰላሉ ለሁሉም ቦታ አለው» ማለት ይቻላል። ከታች ያለውን ሰው የጠየቀው ግን የለም።

ሌላው ትችት ከራሱ ከአድቫይታ ቤት ነው። ትሪኒዳድ የተወለዱት አናንታናንድ ራምባቻን አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ በሴንት ኦላፍ ኮሌጅ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩ ሊቅ ናቸው። ከአብያተ ክርስቲያናት ጋር በሚደረጉ ውይይቶችም የታወቁ ናቸው። እሳቸው የሚሉት፣ ከቪቬካናንዳ ጀምሮ የመጣው «ተሞክሮ ይበልጣል» የሚለው ዘመናዊ አነጋገር የሻንካራ አይደለም። ለሻንካራ የእውቀቱ ምንጭ የቬዳ ቃል ነው። ቃሉን መስማት፣ ማሰላሰል፣ መረዳት። ይህ እውነት ከሆነ የራዳክሪሽናን ሕንፃ አንድ ምሰሶው ከምዕራብ የመጣ ነው ማለት ነው። ራምባቻን በ2015 ባወጡት መጽሐፍ ደግሞ አድቫይታ ራሱ ካስትን የሚቃወም ኃይል አለው ብለው ይሞግታሉ። ሁሉም አንድ ከሆነ የማይነካ ሰው ከየት መጣ?

የሌላ ሰው ጽሑፍ ወስደዋል ይባላል። እውነት ነው?

ክስ ነበር፣ ፍርድ ግን የለም። በ1929 ጃዱናት ሲንሃ የተባለ የፍልስፍና ምሁር፣ ራዳክሪሽናን በህንድ ፍልስፍና መጽሐፋቸው ሁለተኛ ቅጽ ላይ ከእኔ ጽሑፍ ወስደዋል አለ። መጀመሪያ በመጽሔት፣ ቀጥሎ ፍርድ ቤት። የጠየቀው ካሳ 20,000 ሩፒ ነበር። ራዳክሪሽናን ስሜን አጠፉ ብለው ሲንሃንና የመጽሔቱን አዘጋጅ በ100,000 ሩፒ መልሰው ከሰሱ። መከላከያቸው፣ ሁለታችንም አንድ ዓይነት ጥንታዊ ጽሑፍ ስለተረጎምን መመሳሰሉ አይቀርም የሚል ነው። በ1933 ከፍርድ ቤት ውጪ ተስማምተው ክሱን ተዉት። ስለዚህ «ሌባ ናቸው» የሚልም «ነፃ ወጡ» የሚልም ሰው ከመዝገቡ በላይ እየተናገረ ነው።

ከስታሊን ጋር ምን አገናኛቸው?

ከ1949 እስከ 1952 በሶቪየት ኅብረት የህንድ አምባሳደር ነበሩ። ከእሳቸው በፊት የነበሩትን አምባሳደር፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩን የኔህሩን እህት፣ ስታሊን አንድም ቀን አላነጋገራቸውም። ራዳክሪሽናንን በጃንዋሪ 1950 ሌሊት ክሬምሊን ጠርቶ አነጋገራቸው። በዚያ ጨዋታ ላይ ስለ ንጉሥ አሾካ እንዳነሱለት ይተረካል። አሾካ ካሊንጋን በደም ካጥለቀለቀ በኋላ ተጸጽቶ ጦርነትን የተወ ንጉሥ ነው። «ማን ያውቃል፣ በእርስዎም ይደርስ ይሆናል» አሉት ይባላል። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ደግሞ ጉንጩን መታ መታ አድርገው ተሰናበቱት ይላሉ። እኔ የጉንጩን ነገር በቦታው ሆኖ ያየ ሰው ሳይነግረኝ አልምልም። ሆኖም ሁሉን ሰው እንደ ተማሪ የማየት ልማድ እንደነበራቸው ይታወቃል፣ ከዚያ ጋር ይሄዳል።

ፕሬዚዳንት ሆነውስ?

የህንድ ፕሬዚዳንት ሥልጣኑ ጠባብ ነው፣ አገር የሚመራው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ዘመናቸው ግን ቀላል አልነበረም። በ1962 ከቻይና፣ በ1965 ከፓኪስታን ጋር ጦርነት ሆነ። ኔህሩ በ1964፣ ተተኪው ሻስትሪ በ1966 ሥልጣን ላይ እያሉ ሞቱ። እሳቸው ሁለቱንም ሽግግር አሻገሩ። የቀረውን የፖለቲካ ተንታኞች ይጻፉት።

የህንድ የመምህራን ቀን ከእሳቸው ጋር ምን ያገናኘዋል?

ልደታቸው ነው። በ1962 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ልደታቸውን ለማክበር ለጠየቋቸው ሰዎች፣ እኔን ከምታከብሩ ቀኑን የመምህራን አድርጉት አሏቸው። ከዚያ ጀምሮ ሴፕቴምበር 5 በህንድ የመምህራን ቀን ነው። ኦክቶበር 5 ከሚከበረው የዓለም መምህራን ቀን ጋር አያምታቱት።

ይህ ለይስሙላ የተባለ አልነበረም። በ1921 ከማይሶር ወደ ካልካታ ሲዛወሩ ተማሪዎቹ ያደረጉትን ይስሙ። ሠረገላውን በአበባ አስጌጡት። ፈረሶቹን ፈቱ። ራሳቸው ገመዱን ይዘው መምህራቸውን እስከ ባቡር ጣቢያ ጎተቷቸው። ሦስት ዓመት ብቻ ነው ያስተማሯቸው።

ኢትዮጵያ መጥተው ያውቃሉ?

አዎ። በ1965 በፕሬዚዳንትነታቸው ጎብኝተውናል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1956 ህንድን ጎብኝተው ስለነበር መንገዱ የተከፈተ ነው። ከራዳክሪሽናን በኋላ ቪ ቪ ጊሪ በ1972፣ ራም ናት ኮቪንድ በ2017 መጥተዋል።

ለእኛ ግን ህንድ ማለት ከፕሬዚዳንት ይልቅ አስተማሪ ነው። በጃንሆይና በደርግ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው የሒሳብ ወይም የፊዚክስ አስተማሪው ህንድ ያልነበረ ከሆነ ይገርመኛል። ከየጠቅላይ ግዛቱ ከተማ እስከ ወረዳ ድረስ ነበሩ። ሰሌዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ሞልተው፣ አጥፍተው፣ እንደገና ይሞላሉ። በቤታችን አንድ ትልቅ ሰው ዛሬም የትሪጎኖሜትሪ ቀመር ሲናገር የሚናገረው በዚያ አስተማሪው እንግሊዝኛ ነው። ለአስተማሪነት ክብር ልደቱን ያስረከበ ፕሬዚዳንት ከዚያው አገር መሆኑን ሳውቅ አልደነቀኝም።

የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል?

አላገኙም። ለሥነ ጽሑፍ 16 ጊዜ፣ ለሰላም 11 ጊዜ ታጭተዋል። ያገኙት በሃይማኖት ዘርፍ የሚሰጠውን የቴምፕልተን ሽልማት ነው፣ በ1975፣ ሊሞቱ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው። ከክርስትና ውጪ ሆኖ ሽልማቱን በማግኘት የመጀመሪያው ናቸው። ገንዘቡን ለኦክስፎርድ ሰጡት።

ማንበብ ብፈልግ ከየት ልጀምር?

ሁለቱን ትልልቅ የህንድ ፍልስፍና ቅጾች አይንኩ፣ ይከብዳሉ። ከ«ዘ ሂንዱ ቪው ኦፍ ላይፍ» ይጀምሩ። አራት ንግግር ብቻ ነው፣ በሁለት ምሽት ያልቃል። እንግሊዝኛው የሚፈስ ነው፤ አንዳንዴ በጣም ከመፍሰሱ የተነሳ ክርክሩ የት ጋ እንዳለፈ ሳያውቁት ገጹ ያልቃል። ስለዚህ እርሳስ ይዘው ያንብቡ። ሁለተኛው ንግግር በሃይማኖቶች መካከል ስላለው ግጭት ነው፣ መሰላሉን እዚያ ያገኙታል። ሦስተኛውና አራተኛው ስለ ሂንዱ ዳርማ፣ ማለትም ስለ ሕይወት ሥርዓትና ግዴታ፣ ናቸው፣ ካስት እዚያ ነው። እነዚህን ሁለቱን ሲጨርሱ መጽሐፉን ሳይመልሱ አምቤድካርን ከጎኑ ይክፈቱት።